አባ ጎንበስ የት ይቀመጥ?

ስለ መጽሐፌ የሰው አስተያየት መስማት ደስ ይለኛል የሚል ደራሲ ካገኛችሁ ውሸታም ነው። እኔም እላለሁ፤ ሰው ፊት። ቤቴ ስገባ ግን የተባልኩትን እያነሳሁ እየጣልኩ እህል ሳልቀምስ እውላለሁ፤ ባለቤቴ እንደሻው ምስክሬ ነው። እሱ ለሁሉም ነገር ‹‹ተይው እንግዲህ›› የሚል ሰው ስለሆነ አንዳንዴ ከተቺዎቼ ይልቅ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሥራዬ እባላለሁ። ሐረር ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁና፣ ሰው ሁሉ ‹‹አሁንማ እረፊ›› ሲለኝ እልህ ይዞኝ አንድ የልጆች መጽሐፍ ጻፍኩ። ‹‹አባ ጎንበስ›› ይባላል። አባ ጎንበስ ከሐኪም ተራራ ጀርባ የሚኖር ግዙፍ ነው፤ ቁመቱ ሁለት የመብራት እንጨት አንዱ በአንዱ ላይ ቢቆም ነው። ሰው አይበላም፣ ልጅ አያስፈራራም፤ የማሽላ እሸትና ማንጎ ካገኘ ሌላ አያምረውም። ሲራመድ ቤት እንዳይረግጥ፣ ሰው ሲያናግረው እንዲሰማ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። አንድ ተአምር ደግሞ አለው። ከልቡ ‹‹ግባ›› የሚለው ሰው ከተገኘ በጠራው ቤት በር ልክ ያንሳል። ካልጠሩት ውጭ ይቀራል።

መጽሐፉ ስድስት ምዕራፍ ነው። አምስቱን ሙሉ አባ ጎንበስ ‹‹ግባ›› የሚለው አጥቶ የድሮዋን ከተማ፣ የጀጎልን ግንብ ሲዞር ይከርማል። በስድስተኛው ጀጎል ውስጥ ያለች አንዲት ባልቴት ትጠራዋለች። ያንሳል፣ ይገባል፣ ከበሩ ኋላ ያለችው መደብ ላይ ቁጢጥ ይልና ‹‹ለእኔ እዚህ ይበቃኛል›› ይላል። እሱም ሰፈሩም ደስ ይላቸዋል፤ አለቀ። ያችን ገጽ ስጽፍ አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

እውነቱን ለመናገር የጻፍኩት ለአንድ ነገር ነው። ቅድመ አያቴ ሐረር የገቡት ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ነው። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተድሬ፣ እዚሁ ወልጄ ነው ያረጀሁት። ቤቴ ከሸዋ በር ውጭ ስለሆነ ጠዋት መስኮት ስከፍት የማየው የጀጎልን ግንብ ነው። እንዲያም ሆኖ ግንቡን አልፌ ስገባ የእንግዳነት ስሜት ለቆኝ አያውቅም። ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አይደለም። እና የጀጎል ልጆች መጽሐፉን አንብበው ‹‹የኛ ነው›› እንዲሉኝ ፈለግሁ። እነሱ ይህን ካሉኝ የሌላው አንባቢ አስተያየት እንቅልፍ አይነሳኝም።

ከጀጎል ሰው መጀመሪያ ያነበበችው ኸዲጃ ናት። ኸዲጃ ሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ አንድ ትምህርት ቤት በአንድ መስከረም ጀምረን በአንድ ሰኔ ጡረታ ወጥተናል። ጓደኛዬ ናት ብል ያንስባታል። መጽሐፉ ታትሞ እንደወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ፈርሜ ሰጠኋት። በሳምንቱ ‹‹ማሻአላህ፣ አማርኛሽ እንደ ውሃ ይፈሳል›› አለችኝና ወዲያው ስለ ጉልበቷ ሕመም አነሳች። ከዚያ ወዲህ ስለ አባ ጎንበስ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ለምኜ መመስገን አልወድም። ውስጤን ግን ከነከነኝ።

ባለፈው ወር አሳታሚዬ ደረጀ ከአዲስ አበባ ደወለ። የመጀመሪያው እትም አልቋል፤ ሁለተኛው ሊታተም ነው፤ ከጀርባው ሽፋን ላይ የልጆች አስተያየት ማስፈር ፈልጓል። የጀጎል ልጆች ቢሆኑማ እንዴት ያምራል አለኝ። የማርመው ነገር ካለም ከአስተያየቱ ጋር እስከ ማክሰኞ በቴሌግራም እንድልክለት ነገረኝ። እኔ ምን አርማለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ድርሰት ያረምኩ ሴት! ስልኩን ስዘጋ ከደስታዬ ብዛት እንደሻውን አቀፍኩት፤ እሱም ደንግጦ ‹‹ማን ሞተ?›› አለ።

ጀጎል ውስጥ ዑስማን የሚባል ሰው የአባቱን ቤት አንድ ክፍል ለልጆች ማንበቢያ አድርጎታል። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። ደንብ አላቸው፤ አንድ መጽሐፍ ሁሉም ካነበበው በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ሐሳቡን በወረቀት ይጽፋል፣ ዑስማን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ደራሲ ከተገኘ ደግሞ የመጨረሻው ወረቀት እስኪነበብ ድረስ አንድም ቃል አይተነፍስም። ዑስማን ተማሪዬ ነበር። ስንት ጊዜ ‹‹ዝም በል›› ያልኩት ልጅ አሁን ጢም አብቅሎ፣ ‹‹ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ደንባችን ነው›› ብሎ እኔን ዝም አሰኘኝ። ግፍ ነው እንጂ!

በሄድኩባት ቅዳሜ አባ ጎንበስን አንብበው የጠበቁኝ አስራ ሰባት ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያዋ ወረቀት ልቤን አሞቀችው። አባ ጎንበስ ጊዲር መጋላ ገበያ ገብቶ የበርበሬው ብናኝ አስነጥሶት የሻጮቹ ጃንጥላ ሁሉ ከከተማ ውጭ ሶፊ ድረስ የበረረበት ቦታ ላይ ልጁ ሆዱን እስኪያመው ስቋል። ቀጥሎ ግን፣ ሶፊ ያለችውን አክስቱን ቢጠይቃት ምንም ጥላ አልደረሰም እንዳለችው ጽፏል። ነስሮ የሚባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ፣ ግዙፉ ይህን ያህል ደግ ከሆነ ውሃ ለምን አያመጣም፣ በርሜላችን ባዶ ከሆነ ሳምንት አልፎታል፣ እሱ በአንድ እጁ ሁለት ቦቴ መሸከም ሲችል ማንጎ እየበላ ይዞራል ሲል ተቆጣ። ሌላዋ ጅቡ ከአባ ጎንበስ ሸሸ መባሉን አልተቀበለችም፤ የኛ ጅብ ማንንም አይሸሽም፣ ጸሐፊዋ የሌላ አገር ጅብ አይተው ይሆናል ትላለች። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኛል። የሚከራከሩት ስለ አባ ጎንበስ ሳይሆን ስለ ጎረቤታቸው ሰው ይመስል ነበር።

የመጨረሻዋ ወረቀት የናፊያ ነበረች። ናፊያ የኸዲጃ የልጅ ልጅ ናት፤ አምስተኛ ክፍል ነች፣ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁና ከሷማ የምጠብቀው ምስጋና ብቻ ነበር። ዑስማን እንዲህ ብሎ አነበበ፤

‹‹መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጥሩ ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ግን አሳዘነኝ። ባልቴቷ አባ ጎንበስን ግባ ብላ ጠርታው ከበሩ ኋላ ተቀመጠ። እዚያ እንግዳ አይቀመጥም፤ እንግዳ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ወይ ባልቴቷ አልወደደችውም፣ ወይ እሱ እነሱን አልወደዳቸውም። መጽሐፉ ግን ደስ አለው ይላል። እኔ ደስ እንዳለው አላመንኩም።››

የቀሩት አስራ ስድስቱ ልክ ናት በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ እንኳን የሚከራከርልኝ ጠፋ። የሐረሪን ቤት ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ውስጡ በቀይ አፈር የተለሰነ፣ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ መደብ አለው። ነደባ ይሉታል። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ባለቤት አለው፤ ለአባወራው፣ ለትልቅ ሰው፣ ለወጣቱ፣ ገብቶ ለሚወጣው። ይህንማ እኔም አውቃለሁ። ከበሩ ኋላ ያለችው ግን የእንግዳ ናት ብዬ ነበር የማምነው። ለምን ቢሉ፣ ኸዲጃ ቤት በሄድኩ ቁጥር የምቀመጠው እዚያ ነዋ!

የመናገር ፈቃድ ሲሰጠኝ፣ ‹‹ናፊያ፣ እኔ እኮ እናትሽ ሳትወለድ ጀምሮ እናንተ ቤት ስገባ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ›› አልኳት። ድምፄ ከልኩ በላይ ወጣ።

ልጅቷ አልደነገጠችም። ‹‹አውቃለሁ ቲቸር›› አለች በትሕትና። ‹‹ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጡት።››

ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ፣ ዑስማንን አመስግኜ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ግድግዳውን እየታከክሁ ቤቴ ገባሁ። እንደሻው የሆነውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። ልጅቷ የቤቷን ሥርዓት ከእኔ የበለጠ ብታውቅ ምን ይገርማል ብሎ፣ አባ ጎንበስን አንስቼ ሌላ መደብ ላይ እንዳስቀምጠውና ነገሩ እንዲያበቃ መከረኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው አለ።

እኔን ያቃጠለኝ ዓረፍተ ነገሩ አልነበረም። እናቴ ያሳደገችኝ፣ ‹‹ሰው ቤት ስትገቢ በታች ተቀመጪ፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ከፍ ያደርጉሻል›› እያለች ነው። እኛ ቤት እንግዳ በሩ ጋ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ‹‹ከፍ በይ እንጂ›› ይላል፤ እንግዳው ‹‹ኧረ እዚህ ይሻለኛል›› ይላል፤ ባለቤቱ ‹‹በሞቴ!›› ብሎ ክንዱን ይጎትታል፤ ያኔ ነው ከፍ የሚባለው። ኸዲጃ አንድ ቀንም ‹‹በሞቴ›› ብላኝ አታውቅም። ስለዚህ ያቺ መደብ የተከበረች የእኔ ቦታ ናት ብዬ ነበር። ለካ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በላይ እንግዳ እንኳን በማይቀመጥበት ተወዝፌ፣ እሷ እያየች ዝም ብላኛለች። አፍሬም ተናድጄም እሑድን ዋልኩ። ከዚህ ሁሉ በታች አንድ ፍርሃት ነበረኝ፤ ኸዲጃ ያላነሳችኝ፣ ከዚያ በላይ ስለማይገባኝ ቢሆንስ? ልጆቹ መጽሐፌን ‹‹የኛ ነው›› ይበሉ ብዬ ስመኝ፣ ጓደኛዬ ራሷ ‹‹የኛ ናት›› ብላኝ ካላወቀችስ?

ሰኞ ረፋድ ላይ ማንጎ ገዝቼ ሄድኩ፤ ተቆጥተውም ቢሆን ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድም። ኸዲጃ ብቻዋን የቱርክ ድራማ እያየች ነበር። እግሬ እንደለመደው ከበሩ ወደ ኋላ ዞረ፤ ያዝኩትና መሐል ወለሉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

‹‹ምን ሆነሻል? ተቀመጪ እንጂ›› አለችኝ።

‹‹የት?›› አልኳት።

ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እኔ መናገር ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፤ ሁሉንም አፈሰስኩት። የናፊያን ወረቀት፣ የልጆቹን ራስ ንቅናቄ፣ ዓመታቱን። እንዴት እንዲህ ታሞኚኛለሽ፣ ስንት ሠርግ፣ ስንት ዒድ፣ ስንት ለቅሶ እዚህ ቤት መጥቼ አንድ ቀን እንኳን ከፍ በይ ሳትይኝ አልኳት። ማንጎው በእጄ እንደተንጠለጠለ ነው። ኸዲጃ ሰምታ እስክትጨርስ ድረስ ፊቷ አልተለወጠም። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ኸዲጃ ደግሞ እንባ የሚቀርባት ሴት አይደለችም።

‹‹መጀመሪያ የመጣሽ ቀን እናቴ ‘ነይ ወደ ላይ’ ብላሽ ነበር›› አለች። ‹‹አንቺ ‘ለእኔ እዚህ ይበቃኛል’ አልሻት። ከሄድሽ በኋላ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘እንግዳ ከመረጠበት አይነሳም። በሩ ጋ የተቀመጠ ሰው ውጭ ጉዳይ አለው፤ አታቆዪያት’ አለችኝ። እና አላቆየሁሽም። ሻይ ቶሎ የማቀርብልሽ ለዚያ ነው። ወላሂ፣ ስትመጪ ገና ጫማሽን ሳታወልቂ ነው ማንቆርቆሪያውን የምጥደው፤ እንዳትዘገዪ ብዬ። እኛ ዘንድ መቆየት የማትወጂ መስሎኝ ነበር፣ ሥራዬ። ይህን ሁሉ ዘመን።››

ማንጎውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። እኔ እኮ ሻዩ ቶሎ ሲመጣ ‹‹ጠጥተሽ ሂጂ›› የተባልኩ እየመሰለኝ ስኒውን ሳስቀምጥ አብሬ የምነሳ ሰው ነኝ። እሷ እንዳልዘገይ ስትፈጥን፣ እኔ እንዳላሰለች ስፈጥን፣ ሁለት የተማርን ሴቶች ከሠላሳ ስድስት ዓመት በላይ በሩጫ ሻይ ጠጣን። ወይ ጉድ!

‹‹መጽሐፉስ?›› አልኳት በመጨረሻ። ‹‹ለምን ዝም አልሽኝ?››

‹‹ግዙፉ በሩ ጋ ተቀምጦ ‘ለእኔ እዚህ ይበቃኛል’ ሲል ያንቺ ድምፅ ነው የመጣብኝ። ደስ አለው ትያለሽ። እንግዲህ ሥራዬ ልትነግረኝ የፈለገችው ይህን ነው አልኩ። ከእናንተ ጋር እስከ በሩ ድረስ ነኝ ማለቷ ነው አልኩ። ምን ብዬ ላመስግንሽ?››

‹‹እኔ እኮ ‘በሞቴ’ እስክትዪኝ ነበር የምጠብቀው!››

‹‹አስተግፊሩላህ›› አለች እንባዋን እየጠረገች። ‹‹ስለ መቀመጫ ሰው በሞቱ ይምላል? አንቺ ባዳ ነሽ? ዝም ብለሽ ወደ ላይ አትወጪም ነበር?››

ያኔ ሳቅ መጣብን፤ ሁለት አሮጊቶች ጎናችንን ይዘን ሳቅን። እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ ከፊት ለፊት ያለው ትልቁ መደብ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ላይ ቤቱ ሌላ ነው። የግድግዳው ሳህን ሁሉ ይታያል፤ ግቢው ይታያል፤ ከሁሉ በላይ የኸዲጃ ፊት ይታያል፤ ከበሩ ኋላ ሆኜ ስናወራ ሁልጊዜ አንገቴን አጣምሜ ነበር የማያት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። ሻይ አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ስለ ሟች እናቷ፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለዚያ ሁልጊዜ ስንጣላው ስለነበረው ርዕሰ መምህር አወራን። ማንጎውን ሦስት ሦስት በላን። በሕይወቴ እንደዚያ ረፋድ የጣመኝ ቀን ጥቂት ነው።

ናፊያ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በዩኒፎርሟ በሩ ላይ ቆመች። ቅዳሜ የተቆጣኋትን አስታውሳ መሰለኝ፣ ቀስ ብላ መጥታ እጄን ሳመችኝ። ስለ ድምፄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ልክ ነበርሽ አልኳት። አባ ጎንበስን ዛሬውኑ አንስቼ ወደ ላይ አወጣዋለሁ፤ ደረጀ እስከ ነገ ይጠብቀኛል፤ እሱን ካረምኩ መጽሐፉ ይስተካከል እንደሆነ ጠየቅኳት። እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ተፈታኝ ነበር የጠየቅኳት።

ናፊያ ቦርሳዋን አወረደችና አሰበች።

‹‹ወደ ላይ መውጣቱ ጥሩ ነው›› አለች። ‹‹ግን ቲቸር፣ ከዚያ በኋላስ? ገባ፣ ተቀመጠ፣ አለቀ ይላል። ምሳ ይበላል? ከባልቴቷ ጋር ያወራሉ? ቆየ ወይስ ሄደ? እኛ ብንሆን አንለቀውም ነበር። የኛ እንግዳ እኮ ነው።››

ኸዲጃ ወደ እኔ አላየችም፤ እጄን ብቻ ያዘችው። እኔም የእሷን አጥብቄ ያዝኩት። ስንት ወረቀት ቢጻፍልኝ ከዚህች ‹‹የኛ›› ከምትል የናፊያ ቃል አይበልጥም።

ኸዲጃ ምሳ ለማቅረብ ስትነሳ ስልኬ ጮኸ፤ ደረጀ ነበር። አስተያየቶቹ ደርሰው እንደሆነና እርማት ካለ ዛሬ ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ማተሚያ ቤቱ እያጣደፈው እንደሆነ ነገረኝ። እርማት ሳይሆን አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደሚጨመር፣ ሰባተኛ ምዕራፍ እንዳለ፣ የማክሰኞውን ነገር እንዲረሳው ነገርኩት። ደነገጠ፤ ግን ጨዋ ልጅ ስለሆነ አልተከራከረኝም። ስንት ገጽ እንደሚሆን ብቻ ጠየቀኝ።

‹‹አላውቅም›› አልኩት። ‹‹እንግዳው ገና አልተነሳም።››